ሁለት ሹፌር፣ አንድ አካውንት

አባቴ በሠላሳ አራት ዓመት የሹፌርነት ሥራው አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ያው ነው። ስለዚህ ያን ሰኞ ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መነጽሩን ጠርጎ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ቀና ብዬም አላየሁት። የሚዜ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር፤ ስድስት ቀሚስ፣ ሁሉም ለቅዳሜ፣ ሁሉም ከእጅ የሚያዳልጥ ጨርቅ።

“አንቺ፣ ይሄ ነገር ምን እያለ ነው?” አለኝ።

“አፕዴት ይሆናላ አባዬ። ጠብቅ።”

“አፕዴትማ አውቀዋለሁ። ሰው ሊሠራ እስኪቀመጥ አድብቶ የሚመጣው ነው። ይሄ ቀይ ነው።”

ስፒሎቹን ከአፌ አውጥቼ ሄድኩ። እውነትም ቀይ ነው። «ይህ አካውንት ባልተለመደ እንቅስቃሴ ምክንያት ታግዷል» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁልፍ «ለተጨማሪ መረጃ» ትላለች። ተጫንኳት። ያንኑ ቀይ ጽሑፍ መልሳ አመጣችልኝ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም፤ ደሜ እዚያው ፈላ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ያለበለዚያ ሁለት ሽማግሌዎች አብደው እኔንም ያሳበዱኝ ነው የሚመስለው።

አባቴ የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ የጠዋቱ ፈረቃ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ አውቶቡስ የሚረከብ ሌላ ሹፌር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መሪ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ቁልፍ ተጋሩ። ተሳፋሪው ስማቸውን ትቶ አንዱን «ጠዋት»፣ ሌላውን «ከሰዓት» ይላቸው ነበር። ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ፤ እኔም ጋሼ ከሰዓት እያልኩ ነው ያደግኩት። የሚገናኙት በቀን አምስት ደቂቃ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ፍሬኑ ይጮሃል፣ የኋላው በር አይዘጋም፣ ልጅህ ፈተናዋን አለፈች ወይ፣ ሁሉንም ይጨርሱታል። ባልና ሚስት ሆነው ከዚያ ያነሰ የሚያወሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት አባቴን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን እንቢ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጁን የሚያሠራ፣ እሱም የሚወደው ነገር ፈልጊለት አለችኝ። ኳስ ጭመቅ ሲባል ይናደዳል፤ ቁልፍ ቆልፍ ሲባል ያለቅሳል። ምን ልፈልግለት? በመጨረሻ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤታችን የአውቶቡስ መንዳት ጌም እንዳለ ነገረኝ። መሪና ፔዳል ገዛሁ፤ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬን ግማሹን ለቀቅኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤታችን የአውቶቡስ ሞተርና የስፌት መኪና አብረው ይጮሃሉ።

ጌሙ በሲዲ አይመጣም፤ ኢንተርኔት ላይ ካለ የጌም መደብር ነው የሚወርደው። በር የሌለው፣ ባለሱቅ የሌለው ሱቅ ነው፤ ደንበኛውን የሚያውቀው በአካውንቱ ብቻ ነው። አካውንት ለመክፈት ኢሜይል ያስፈልጋል፤ አባቴ ደግሞ ኢሜይል አልነበረውም። ጋሼ ከሰዓት ሊጠይቀው መጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ነበርና፣ “በኔ ክፈቱለት፣ ምን ችግር አለው?” አለ። ተከፈተ። ጣጣው የጀመረው እዚያች ላይ ነው።

በሳምንቱ ጋሼ ከሰዓትም የራሱን መሪ ገዛ። የራስህን አካውንት ክፈት ብዬ ስነግረው እንደ ስድብ ቆጠረው።

“አንድ አውቶቡስ እያለ ሁለተኛ ምን ይሠራል?” አለኝ። “አባትሽ ጠዋት ይነዳል፤ እኔ ከሰዓት እረከበዋለሁ።”

መደብሩ ራሱ እኮ ደገፋቸው! አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ በሁለት ቤት አይሠራም፤ አንዱ ሲገባ ሌላውን ያስወጣዋል። ሌላ ሰው በዚህ ፀጉሩን ይነጫል። እነሱ ግን “ትክክል ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው” ብለው ተስማሙበት። ስድስት ሰዓት ሲሆን አባቴ ከጌሙ ይወጣና ይደውላል። “ጠዋት ነኝ። አሥራ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ዛፉ መንገድ ውስጥ ገብቷል፣ አስተካክለው።” ከወዲያ በኩል “ከሰዓት ነኝ፣ ተረክቤያለሁ” ይባላል። ይህንንም እያንዳንዱ በየደብተሩ ይጽፈዋል። አራት ዓመት ሙሉ!

ዛፍ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ጌሙ የራስን መንገድ መሥራት ይፈቅዳል። እነዚህ ሁለት ሰዎች የድሮውን የአሥራ አራት ቁጥር መስመር፣ መንገዱ ሰፍቶ ግማሹ ፌርማታ ከመፍረሱ በፊት እንደነበረው አድርገው እየገነቡት ነበር። ጠባቡን ድልድይ፣ የጫማ ፋብሪካውን አጥር፣ የሆስፒታሉን መታጠፊያ፣ ሠላሳ አንዱንም ፌርማታ። የቀራቸው የመጨረሻው መናኸሪያ ብቻ ነበር፤ እሱም የጋሼ ከሰዓት ድርሻ ነው። አንድ ጊዜ ኮምፒውተራችን ተቃጥሎ ሁሉም ጠፋ ብዬ አልቅሻለሁ። አዲሱ ላይ ፓስወርዱን ስናስገባ መስመሩ ከነዛፉ ተመልሶ መጣ፤ ለካ መደብሩ እሱ ዘንድ አስቀምጦልን ኖሯል። የዚያን ቀን መደብሩን መርቄዋለሁ። አሁን ያ ምርቃቴ ቆጨኝ፤ እሱ ዘንድ ያለ ነገር እሱ ሲቆልፈው አብሮ ይቆለፋል።

ያንኑ ሰኞ የጋሼ ከሰዓት ልጅ ደወለችልኝ። ፋርማሲስት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ቃል እንኳ መዝና የምታወጣ ሰው። የአባቷ የልብ ቫልቭ ተበላሽቶ ከሦስት ሳምንት በፊት እሷ ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ወስዳዋለች፤ መሪውንም ከሻንጣው ጋር ጭኖ ነው የሄደው። ያኔ ገባኝ። መደብሩ አንድ አካውንት ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት ደግሞ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲገባ አይቶ ሌባ መስሎታል።

“ኢሜይል መጥቷል” አለችኝ። “አካውንቱ ተሰርቋል ወይ ተሸጧል ብለው ጠርጥረዋል። ግን እሱ አይደለም ያስደወለኝ። አርብ ሳምንት ኦፕራሲዮን አለው። መናኸሪያውን ሳልጨርስ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት አልፈርምም እያለኝ ነው።”

“ምን አለ?”

“ሥራ አንጠልጥዬ ከመሪ አልወርድም አለ። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ ቀጠሮ ካለፈ ልቡ አይጠብቅም ብሏል። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ አለቀስኩ፤ ፍንክች አላለም። እባክሽ አስከፍቺልኝ።”

እሱን አገናኚኝ አልኳት።

“ጋሼ፣ ጌም ነው እኮ!” አልኩት።

“አውቃለሁ ልጄ።” ትንፋሹ አጭር ነበር። “እውነቱን ልንገርሽ? ፈርቻለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ሲያደነዝዙኝ የጨረስኩትን ነገር ማሰብ ነው የምፈልገው። ያንጠለጠልኩትን እያሰብኩ አልተኛም።”

ስልኩን ዘጋሁ። አሥራ አንድ ቀን ነበረኝ። የሚዜዎቹን ቀሚስ ወደ ጎን ገፋ አደረግኩና፣ ወይ ይሄ መደብር ይከፍታል ወይ እኔ እዚህ ወንበር ላይ እሞታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመለሰልኝ ማሽን ነው። «ውድ ተጠቃሚ፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ትዕግሥቴን ማን ሰጠው? ፓስወርድ ቀይሩ አለ፤ የመቀየሪያውን ኮድ ወደ ስልክዎ ልኬያለሁ አለ። የላከው ጋሼ ከሰዓት ከሁለት ዓመት በፊት ታክሲ ውስጥ ወደ ጣለው ስልክ ነው። ስልኩ የለም ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ቁጥር ለመቀየር መጀመሪያ አካውንትዎ ውስጥ ይግቡ አለኝ። አካውንቱ ተቆልፏል እኮ አልኩት። ለመክፈት ኮዱን ያስገቡ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ስንዞር ጨጓራዬ ተላጠ። በመጨረሻ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረኩ ብሎ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ አቀረበልኝ። ዜሮ ኮከብ አልነበረውም፤ ፈልጌ ነበር።

አባቴ በዚህ ሁሉ መሃል በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ የማይሠራው መሪ ፊት ይቀመጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሥቶ ይደውላል። “ጠዋት ነኝ። የማስረክብህ ነገር የለም” ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር መደብሩን ባገኘው በመቀስ እንደምቀደው አስብ ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ከአሥር ቁልፍ ሥር ተደብቆ፣ ሰው የሚያነበው ቅጽ አገኘሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «የአካውንቱ ብቸኛ ተጠቃሚ ማን ነው? ሁኔታውን ያብራሩ።» ዓይኔን በጨው አጥቤ ጻፍኩ። ተጠቃሚው ጋሼ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እኛ ቤት እየመጣ ይጫወት ነበር፤ አሁን ከተማ ቀየረ፤ አለቀ። ቆንጆ ውሸት ነበር፤ ስፌቱ የማይታይ።

“አንብቢልኝ” አለ አባቴ።

አነበብኩለት። ፊቱ ጥቁር አለ።

“እኔስ?”

“አንተ የለህም።”

“አራት ዓመት የት ሄጄ ነው?”

“አባዬ፣ ወረቀት ላይ ነው እንጂ...”

“ወረቀት ላይ ነዋ! ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ላይ ፈርሜያለሁ። የገጨሁ ቀን ገጨሁ ብዬ፣ ያረጀ ጎማ የነዳሁ ቀን ነዳሁ ብዬ። ያልነዳሁትን ነዳሁ አላልኩም፤ የነዳሁትንም አልነዳሁም አልልም።”

“የሰው ሕይወት ነው እኮ!” ብዬ ጮህኩ። “አርብ ሳምንት ካለፈ ሰውየው ይሞታል! አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ስለ መዝገብ ታወራለህ?”

ተናግሬ ሳልጨርስ ቆጨኝ። አባቴ ወደ መሪው ዞረ።

“ከሁለት ቤት ስንገባ አይተው አይደል የዘጉት?” አለ ቀስ ብሎ። “በውሸት ከፍተውት ነገ ቢደርሱበት ጨርሰው ይጥሉታል። ያኔ መናኸሪያውም የለ፣ መስመሩም የለ፣ እሱም አይፈርም። እውነቱን ጻፊ። የሚያነበው ሰው ከሆነ ይገባዋል።”

እኔ ይገባዋል ብዬ አላመንኩም። ከሁለት ቤት ስለመግባቱ ያለው ግን እውነት ነው። ውሸቴን አጠፋሁ፤ እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ። «እኛ ሁለት ሹፌሮች ነን። አንድ አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት በፈረቃ ነድተናል። ጌሙም እንደዚያ የሚያዝ መስሎን ነው። አልሰረቅንም፣ አልሸጥንም። ደንብ ካፈረስን ሳናውቅ ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። ባልደረባዬ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የሚጨርሰው ሥራ አለው።» የርክክብ ደብተሩንም ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ አያያዝኩ። አርብ ጠዋት ላክሁት።

ቅዳሜ ሚዜዎቹ ቀሚሳቸውን ወሰዱ። እሑድ ኢሜይሉን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ፤ የመጣው የመደብሩ የቅናሽ ማስታወቂያ ብቻ ነው። በሰው ላይ በር ዘግተው ኑ ግዙ የሚሉ እነዚህ ብቻ ናቸው!

ሰኞ መልስ መጣ፤ ከሰው። «ውድ ተጠቃሚ» አይልም፤ «ለሁለቱ ሹፌሮች» ነው የሚለው። የጻፈችው ሴት ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብባዋለች። ሌቦች እንዳልሆኑ እንደገባት፣ እንዲህ ዓይነት ደብተርም አይታ እንደማታውቅ ጽፋለች። ከዚያ የሚቀጥለው አንቀጽ መጣ። ደንቡ አንድ አካውንት ለአንድ ሰው ነው፤ እሷ ልትሽረው አትችልም። አካውንቱ ይከፈታል፤ ግን ከሁለቱ አንዱ ባለቤት ይሁን፣ ሌላኛው ባለቤት አይደለሁም ብሎ ፈርሞ ይላክ። የፈረመው ሰው ኮምፒውተር ከአካውንቱ ይሰረዛል፤ ከዚያ ቤት ዳግመኛ ከተገባ አካውንቱ ለዘለዓለም ይዘጋል።

“አንተ ባለቤት ሁን” አልኩት ለአባቴ ወዲያው። “በኔ ካርድ ነው የተገዛው፣ ማስረጃ አለኝ። መናኸሪያውን እሱ በስልክ ይንገርህ፣ አንተ ሥራው። በሁለት ቀን ያልቃል።”

“የሱ ሥራ ነው።”

“ያው አይደል እንዴ!”

“አይደለም። ምን አለሽ? የጨረስኩትን እያሰብኩ ልተኛ ነው ያለሽ። ሰው የጨረሰለትን አላለም።”

“እጅህስ?” አልኩ። በዚያ መሪ ነው ቁልፍ መቆለፍ የቻለው፤ በዚያ መሪ ነው ማንኪያ የያዘው። መሪው ከቀረ እጁ ተመልሶ ይተኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ደግሞ በጩኸት ነው የማወጣው። “እጅህን ምን ልታደርገው ነው?”

“እጄ ድኗል” አለ አባቴ። “ያልዳነው እሱ ነው።”

ወረቀቱን አተምኩለት። ብዕሩን በቀኝ እጁ ያዘ። «የዚህ አካውንት ባለቤት አይደለሁም» የሚለውን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ፈረመ፤ ፊርማው ጠመም ያለ ቢሆንም ሙሉ ነበር። ከዚያ መሪውን ከጠረጴዛው ፈትቶ ካርቶን ውስጥ ከተተው፣ ጠረጴዛዬን ሙሉውን መለሰልኝ። ያን ሁሉ ቦታ አግኝቼ አንድ ጨርቅ መቁረጥ አቃተኝ።

ማክሰኞ ለጋሼ ከሰዓት ተከፈተለት። እልልታ ስጠብቅ ልጁ ደወለች።

“አልነካም አለ!”

“ደግሞ ምን ሆነ?”

“አባትሽ ፈርሞ እንደወጣ ሰማ። ጠዋት በሌለበት ከሰዓት የለም፣ ዝጉት አለ።”

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። ከታመመ ወዲህ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

“ስማ አንተ! እኔ የወረድኩት ሥራ እንድትፈታ ነው? ያን መናኸሪያ ካልጨረስክ መጥቼ ከአልጋህ ነው የማወርድህ! ምን? አልሰማም! ቀጥል!” ስልኩን መለሰልኝና፣ “ይሠራል” አለ።

ሠራም። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ መናኸሪያው አለቀ፤ ልጁ ፎቶ ላከችልኝ። የቲኬት መስኮቶቹ፣ የተሰነጠቀው አግዳሚ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ሳይቀር አለ። በቃ ይፈርማል ብለን ሳንተነፍስ ሌላ አመጣ። አዲስ መስመር የሚከፈተው በጠዋት ፈረቃ ነው አለ። ጠዋት ራሱ ነድቶ መንገዱ ደህና ነው ካላለ መስመሩ አልተከፈተም፤ ካልተከፈተ ደግሞ አላለቀም።

“ይሄ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው!” ብላ ጮኸች ፋርማሲስቷ፤ ያቺ ረጋ ያለችው።

“ቆይ፣ ተረጋጊ” አልኳት እኔ፤ ጉድ ነው፣ የምታረጋጋው እኔ ሆንኩ። እልህ ይዞኝ ነበር። “ለአባቴ የራሱ አካውንት ይከፈትለታል። መስመሩን ወደሱ መላክ አይቻልም?”

ፈለገች። መደብሩ ውስጥ ተጫዋቾች የሠሩትን ነገር ሌላው በነፃ እንዲወስደው የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ አለ። አንድ ቁልፍ ናት፤ «ለሁሉም አጋራ»። አራት ዓመት በአንድ አካውንት ሲረካከቡ ይቺ ቁልፍ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች! ጋሼ ከሰዓት ራሱ ተጫናት።

ሐሙስ ማለዳ ሥራ ጀመርን። ለአባቴ ኢሜይል ከፈትኩለት፣ አካውንት መክፈት ጀመርኩ። መደብሩ፣ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ። አውቶቡስ ያለባቸውን ምስሎች ይምረጡ» አለ። ሳቄ መጣ። ይሄንንስ ማን ይቀድመዋል ብዬ ማውሱን ለቀቅኩለት።

ተሳስተዋል አለው።

“እንዴት? ሦስት አውቶቡስ ነው ያለው፣ ሦስቱንም ነክቻለሁ።”

“ይሄኛውስ?”

“እሱ ሚኒባስ ነው።”

“ንካው አባዬ።”

“አውቶቡስ አይደለም እኮ ነው የምልሽ!”

ሌላ ምስል መጣ። አንዱን ጎማው የወለቀ ነው፣ አይነዳም ብሎ ተወው። ሌላውን ደግሞ ይሄ የትምህርት ቤት መኪና ነው፣ የኛ መሥሪያ ቤት አውቶቡስ ብሎ አይመዘግበውም አለ። አምስት ጊዜ ወደቀ። ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው አውቶቡስ አያውቅም ተባለ! ማውሱን ቀማሁትና ጎማ ያለውን ሁሉ ነካሁ። አሳለፈኝ።

ጌሙን ደግሜ ገዛሁ። ለመውረድ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ እንደ ወረደ አፕዴት ጠየቀ። የቀረኝ ማልቀስ ብቻ ነበር። አባቴ ግን መሪውን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ በቀኝ እጁ፣ ብሎኑን እያጠበቀ ነው። በመጨረሻ ስክሪኑ ተከፈተ። «ጀማሪ ሹፌር። የመንዳት ልምድ፦ ዜሮ ሰዓት።»

“ዜሮ?” አለ። ትንሽ አሰበ። “ይሁን እስቲ። ጀማሪ ከተባልኩ ቆይቷል።”

መስመሩን ከመደርደሪያው ወሰድንና ሞተሩን አስነሣ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከወዲያ በኩል የጋሼ ከሰዓት አጭር ትንፋሽ ይሰማል። አባቴ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ተጠንቅቆ ነው የሚነዳው። በየፌርማታው ይቆማል፣ በር ይከፍታል፣ ስፖኪዮ ያያል፣ ይነሣል። አምስተኛው ፌርማታ ላይ ስክሪኑ ጥግ አንዲት ጽሑፍ ብቅ አለች፤ «መስመሩ ላይ ሌላ ሹፌር አለ።»

“ማነው ደግሞ?” አለ አባቴ።

“እኔ ነኛ” አለ ስልኩ። “ከመናኸሪያው ተነሥቼ ወደ አንተ እየመጣሁ ነው። ልጄ ነች እንዴት እንደሚገባ ያሳየችኝ።”

አሁን መደብሩ አንዱን አሽቀንጥሮ ሊያስወጣው ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላስወጣም። ሁለት አካውንት፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት አውቶቡስ ነው ያለው።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ከማዶ ያኛው አውቶቡስ ብቅ አለ። ያው ቀለም፣ ያው አሥራ አራት ቁጥር። መታጠፊያው ላይ ፍሬቻ አሳየ፤ ከአጥሩ ሥር ኩሬ ቢጤ ነበረች፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ያሉትን ላለመርጨት ቀስ ብሎ አለፋት። እነዚያ እግረኞች ደግሞ የጌም ሰዎች ናቸው፤ ውሃ አይነካቸውም። ድልድዩ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ያኛው አፋፉ ላይ ቆመና መብራቱን ብልጭ አደረገ፣ እለፍ ነው። አባቴ አለፈ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለቱም ክላክስ ነፉ።

ድልድዩን እንደተሻገረ አባቴ ዳር ይዞ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ።

“ምነው አባዬ? አመመህ?”

“ሲነዳ አይቼው አላውቅም” አለ።

“እንዴ?”

“ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን። እሱ ሲወጣ እኔ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ። አንድም ቀን ሲነዳ አላየሁትም።”

ጋሼ ከሰዓት በስልኩ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ታዲያ አሁን አየኸኝ?”

“አየሁህ።”

“እንዴትስ ነኝ?”

ለማንም ብሎ እንደማይዋሽ እኔም አውቃለሁ፣ ያኛውም ያውቃል፤ ሁላችንም ጠበቅን።

“ጥሩ ሹፌር ነህ” አለ። “መንገዱም ደህና ነው።”

እኔ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ጣቴ ላይ እጠመጥማለሁ። ቆይቶ ልጅቷ ስልኩን አነሣችው፤ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

“እያለቀሰ ነው” አለችኝ። “ወረቀቱን አምጪልኝ አለ።”